ቂብላ የዞረው ሶላር

ሰው ሁሉ "ፈይዛ ጩኸታም ናት" ይላል። ውሸት አላሉም፣ ጩኸታም ነኝ። አባቴም እናቴም ጩኸታም ነበሩ፤ ታዲያ ዝምታ ከማን ልውረስ? ግን ያን ረቡዕ መስጊድ ድረስ ሄጄ ባልጮህ ኖሮ፣ ወላሂ፣ መንደሩ ዛሬም ቁጭ ብሎ ባትሪ ሲረግም ይገኝ ነበር። ስለዚህ ጩኸቴን የሚነቅፍ ካለ መጀመሪያ ይኼን ይስማ።

መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ሩቅ አይደለችም። ባጃጅ እስከ ወንዙ ያደርሳል፣ ከዚያ በእግር ነው። ችግሩ ኮረብታው ነው። በእኛና በከተማው መሐል ተጋድሞ የስልክ ኔትወርክ የሚባለውን ነገር አላሳልፍ ብሏል፤ አናቱ ላይ ቢወጣ እንኳ ፊት እያዩ ለማውራት የሚበቃ የለም። ወዲያ ማዶ ሰው በስልክ ሲሳሳቅ ይውላል፤ እዚህ የእኛ ስልክ ሰዓት ማያና ማታ ማታ ደጅ መውጫ ባትሪ ነው።

ለሌላው ቢያስቅ ለእኔ አያስቅም ነበር። ልጄ መሊካ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ማዳሟ ስልኳን ሳምንቱን ሙሉ ትቆልፍባትና ጁምዓ ሱብሂ ላይ፣ ቤቱ ሳይነቃ፣ ለአንድ ሰዓት ትሰጣታለች። በዚያች ሰዓት በኢሞ ካገኘኋት አገኘኋት፤ ካመለጠችኝ እስከሚቀጥለው ጁምዓ ሆዴ እሳት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ የሽንኩርት ማሳዬን ጥዬ ሮቢት እሄዳለሁ፣ እህቴ ቤት አድራለሁ፣ በነጋታው የልጄን ፊት አይቼ እመለሳለሁ።

ከዚህ የገላገለኝ የእህቴ ልጅ ሱፍዋን ነው። ሮቢት ስልክ ይጠግናል። አንድ ሐሙስ ላቤን እየጠረግኩ ስገባ አየኝና "አክስቴ፣ አንቺ ወደ ኔትወርኩ ከምትመላለሺ ኔትወርኩ ወደ አንቺ ቢመጣ አይሻልም?" አለኝ። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ሰደብኩት። ለካ ከልቡ ኖሯል። መንደር መጥቶ ለሽማግሌዎቹ አስረዳ፦ የሱቁን ኢንተርኔት ጣራው ላይ ባለ ዲሽ ወደ ኮረብታው ይወረውረዋል፣ ኮረብታው ላይ ያለው ዲሽ ይቀልበዋል፣ ከዚያ ሌላ ዲሽ ወደ መስጊዳችን ያወርደዋል። ኮረብታው ላይ መብራት ስለሌለ ሶላርና ባትሪ ይቆምለታል። እሱ "ማስተላለፊያ" ይለዋል፤ እኛ "ዋይፋዩ" አልነው፣ በዚያው ጸደቀ።

ሰኔ ላይ ተሠራ። ወንዱ ሲሚንቶና ብረት፣ ሴቱ አሸዋና ውኃ ተሸክሞ ወጣ። አህያይቱ እስከ ግማሽ መጥታ አሻፈረኝ አለች፣ እኔም አልፈረድኩባትም። ሱፍዋን የኮረብታውን ዲሾች ሰቅሎ ጨርሶ የጣራውን ሊያስተካክል ሮቢት ተመለሰ። እሱ እዚያ ሲያዞር እኛ ከላይ በመስታወት ፀሐይ እያንጸባረቅን "እዚህ ነን" እንለዋለን። ለዚህ ሥራ የዋለው የእኔ የቁም ሳጥን መስታወት ነው፤ ጥጉ ተሰብሮ ነው የተመለሰልኝ፣ እስካሁንም የተካልኝ ሰው የለም።

የብረቱን ሥራ የያዙት ጋሽ ሸሪፍ ናቸው። ግንበኛም ናቸው፣ ብየዳም ይችላሉ። መስጊዳችንን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ መቃብር ሲቆፈር የምንሰግድበትን የመካን አቅጣጫ፣ ቂብላን፣ የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው፤ ሽንት ቤት እንኳ ሲሠሩ ቂብላ እንዳያይ ብለው ደጋግመው ይለካሉ። እጃቸው የነካው ነገር ሁሉ ወይ ቂብላን ያያል ወይ ከቂብላ ይዞራል፣ መሐል ላይ የለም። ሶላሩን የሚሸከመውን የብረት ቱቦ ሲተክሉ ሱፍዋን ማዶ ጣራ ላይ ነበር። "ወዴት ይዙር?" ያለ ሰው የለም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። "ቢስሚላህ" ብለው ፊቱን ወደ ቂብላ አዞሩት። ወፍና አቧራ እንዳያርፍበት ብለውም እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርገው ገጠሙት፤ ሲሚንቶው ደረቀ፣ አለቀ። እኛም "ማሻአላህ!" አልን። እኔ ራሴ እልል ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ሠራም። በመጀመሪያው ጁምዓ መስጊዱ አጥር ሥር ተቀምጬ መሊካን አየኋት። "እማ፣ የት ሆነሽ ነው? ከኋላሽ ያለችው ላማችን ናት እንዴ?" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ለላሟ ነው ያለቀሰችው፤ ለእኔ እንኳ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። ብቻ ደስ አለኝ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝም አያውቅም።

ክረምቱ አለፈ፣ መስከረምና ጥቅምትም ደኅና ነበር። ኅዳር ላይ ዋይፋዩ ይደክም ጀመር፤ ሌሊት ይጠፋና ረፋዱ ላይ ይመጣል። አንድ ጁምዓ ከመሊካ ጋር ገና ሰላም መባባል ስንጀምር ምስሏ ተንቀጠቀጠ። ከስታለች። "እማ፣ ማዳም ለእህቷ ልትሰጠኝ ነው መሰለኝ፣ ሩቅ ከተማ ነው፣ የሚመጣው ወር ሲያልቅ፣ እዚያ ደግሞ ስልክ..." አለችና ፊቷ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ጠፋ።

ሱፍዋንን አስጠራሁት። ትልቅ አዲስ ባትሪ አሸክሞ መጣና ቀየረው። በማግስቱ ከሮቢት አለፍ ብሎ በጀውሃ በኩል ተኩስ ተሰማ ተባለ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሱፍዋንም እኛው ጋ ቀረ። ከኮረብታው ወዲያ ለመሻገር የሚደፍር ሰው ጠፋ። አዲሱ ባትሪም ጥቂት ቀን ሠርቶ እንደ አሮጌው ሆነ። ጭራሽ ቀን ቀንም ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ አንዲት መልእክት ለመላክ እንኳ ፋታ አይሰጥም።

ምክንያት ደርዳሪ መቼም አይጠፋም። አንዱ ዝንጀሮ ሽቦ በልቶ ነው ይላል። ሌላው ባትሪው ፎርጅድ ነው ይላል። ጎረቤቴ ዙልፋ "የሰው ዐይን ነው፣ ሒርዝ ይጻፍለትና ይንጠልጠልበት" አለች። ጋሽ ሸሪፍ በሽርጣቸው ጫፍ የሶላሩን መስታወት ወልውለው ወረዱ። ሱፍዋን ብቻ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። "ተናገር እንጂ፣ አንተ አይደለህም እንዴ ባለሙያው!" ስለው "እስቲ አያለሁ አክስቴ" ይለኛል።

አንድ ጁምዓ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም አለፈ። እህል አልወርድልሽ አለኝ። ሽንኩርቴን ውኃ አጠጣለሁ ብዬ ቦዩን ለቅቄ የሰው ማሾ አጥለቀለቅኩ። ልጄ "ወሩ ሲያልቅ" ነው ያለችው፣ ወሩ ደግሞ እያለቀ ነው። ይኼኛው ጁምዓ ካመለጠኝ መሊካ ወደማላውቀው ከተማ፣ ወደማላውቀው ቤት ትሄዳለች። ከዚያ በየት ብዬ፣ ማንን ጠይቄ አገኛታለሁ?

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ዙሁር እንደተሰገደ ብድግ ብዬ መስጊድ ሄድኩ። ወንዶቹ ሰግደው ወጥተው፣ ሙቀቱን ሽሽት ከመስጊዱ ጀርባ፣ ኢማሙ ከሚቆምበት ከሚህራቡ ግድግዳ ሥር ጥላው ላይ ተደርድረዋል። ጋሽ ሸሪፍ አሉ። ሱፍዋንም አለ፣ አሸልቦታል! ደሜ ፈላ።

"እናንተ ሰዎች!" አልኩ። "እኔ ልጄ ትሙት ትኑር ሳላውቅ እናንተ ጥላ እየመረጣችሁ ትተኛላችሁ?"

"ቀስ በይ እንጂ ፈይዛ" አሉ ጋሽ ሸሪፍ። "ፀሐዩ አናትሽን ይበሳሻል። ነይ ወደ ጥላው ግቢ።"

"ጥላችሁን አልፈልግም!" ብዬ ቀና ስል ፀሐይዋ በግድግዳው አናት በኩል ዐይኔን ወጋችኝ። ወደ ጎን ዞር አልኩላት። ፊት ለፊት ኮረብታው ላይ ያ ሶላር ወደ ቂብላ ዞሮ ቆሟል። መልሼ ወንዶቹን አየሁ። እነሱም የተቀመጡት በቂብላ በኩል ነው።

"ሰኔ ላይ የት ነበር የምትቀመጡት?" አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። በልጇ ሐሳብ አበደች ያሉ ይመስለኛል።

"በበሩ በኩል ነዋ" አሉ ጋሽ ሸሪፍ። "ሰኔ ላይ እዚህ ማን ይቀመጣል? ፀሐዩ በቂብላ በኩል ነው። ጥላው ወደዚህ የሚዞረው በጋ ሲገባ ነው።"

"ሶላሩስ ፊቱ ወዴት ነው?"

"እሱማ ወደ ቂብ..." ብለው አፋቸውን ያዙ።

"እናንተ ከፀሐይ የሸሻችሁበት በኩል ነው እኮ እሱ ፀሐይ የሚጠብቀው!"

ሱፍዋን ነቅቷል። ሌላው ሁሉ አፉን ሲከፍት እሱ ግን አልገረመውም፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ያኔ ገባኝ።

"አንተ ታውቅ ነበር!"

"አክስቴ..." አለ። "ቂብላችን ሰሜን ነው፤ ሶላሩ ግን ወደ ደቡብ መዞር ነበረበት። ኅዳር ላይ ስመጣ አየሁት። ግን ጋሽ ሸሪፍ በእጃቸው የተከሉትን፣ ያውም ወደ ቂብላ ያዞሩትን፣ እኔ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የምሆን ልጅ 'ጀርባውን ለቂብላ ይስጡት' ልበላቸው? በሕዝብ ፊት? ባትሪውን ትልቅ ካደረግኩት ይሸፍነዋል ብዬ ነው።"

"አንተ ይሉኝታ ያዘህ ተብሎ እኔ ልጅ ልጣ?"

ይኼን ብዬ ወደ ጋሽ ሸሪፍ ሳይ ፊታቸው ጠቁሯል። ደነገጥኩ። ጩኸታም ብሆንም ሽማግሌ ማዋረድ አልወድም። እሳቸው ናቸው አባቴን በክብር ወደ ቂብላ አዙረው የቀበሩልኝ። "ጋሽ ሸሪፍ፣ አፉ ይበሉኝ" አልኩ። "ሶላር አይሰግድም ብዬ ነው እንጂ ክፉ አስቤ አይደለም።"

እሳቸው ተነስተው ሽርጣቸውን ጠበቅ አደረጉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወደ ቂብላ ሳዞር ኖሬ" አሉ ሱፍዋንን እያዩ፣ "አንድ ብረት ወደ ሌላ ያዙሩ ብሎ የሚነግረኝ ልጅ ልጣ? ምን ያህል አስፈሪ ብሆን ነው?" ከዚያ ራሳቸው ሳቁት። የእሳቸው ሳቅ ሲመጣ የሁሉም ተለቀቀ፤ አንዱ እንዲያውም ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። "በሉ ተነሱ፣ የብረት መጋዝ አምጡ" አሉ።

ኮረብታው ላይ መብራት ስለሌለ መበየድ አይቻልም። ቱቦውን በመጋዝ ቆረጡት፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞሩት፣ በብረት ዘንግ ደግፈው በሽቦ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ጋደምም አደረጉት። እኔም ወጥቻለሁ፤ ድንጋይ አቀብያለሁ፣ ምክርም አቀብያለሁ፣ ምክሬን የፈለገው ባይኖርም። ጋሽ ሸሪፍ የመጨረሻዋን ሽቦ ሲጠመዝዙ "ቂብላችንስ እኛ ዘንድ አለ፣ ይኼ ሥራውን ይሥራ" ብለው አጉረመረሙ። የሶላሩ መስታወት ላይ ፀሐይ ስታርፍ የባትሪው ሳጥን ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች።

"ይኸው! አብራው በቃ፣ እንየው!" አልኩ።

"አይሆንም አክስቴ" አለ ሱፍዋን። ይሉኝታው በአንዴ ለቆታል። "አሁን ካበራነው የሞላውን እዚያው ይጠጣዋል፣ ሌሊት ደግሞ ይከዳሻል። ዛሬም ነገም ጠፍቶ ይዋልና ባትሪው ይጥገብ። ሐሙስ ማታ እዚሁ አድሬ ጁምዓ ሱብሂ ላይ አበራልሻለሁ።" ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን የተናገረው እውነት ስለሆነ ዘጋሁት።

ሐሙስ ቀን እንዴት እንደመሸ አላህ ያውቃል። ረፋዱ ላይ አንዲት ደመና ብቅ ብላ ነበር፣ ረገምኳት፣ ሄደች። ሲመሻሽ መንገዱ ተከፈተ ተባለ፣ ሮቢት ለመሄድ ግን ረፍዷል፤ ሰው ሁሉ ለገበያው ሲደሰት እኔ ኮረብታ ኮረብታ አያለሁ። ዙልፋ ሽሮ አምጥታ ካልበላሽ አልሄድም ብላ ተቀመጠች። ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ሸኘኋት።

ጁምዓ ሱብሂ ተሰገደ። አጥሩ ሥር፣ የተለመደ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ላይ የዋይፋዩ ምልክት የለም። የለም። "ያ አላህ፣ ያ አላህ" እላለሁ። ከዚያ አንድ ጭረት መጣ፣ ሁለት ሆነ፣ ሞላ። የመሊካን ስም ነካሁ። ጠራ። ብዙ ጠራ። ተነሳ።

"ማነህ?" አለ የልጄ ድምፅ፣ በቁጣ። "የእናቴን ስልክ የያዝከው ማነህ? አላህን አትፈራም?"

ቁጣዋ የእኔው ነው፣ ከማንም አልወሰደችውም።

"መሊካ! እኔ ነኝ!"

ፊቷ መጣ። አየችኝ። ስልኩ ወደቀና ነጭ ጣራና የሚሽከረከር ማራገቢያ ብቻ ታየኝ። ቀጥሎ ጩኸት ተሰማ፤ ሪያድ በሙሉ የነቃ ይመስለኛል። ስልኩ ተነሳ፣ ዐይኗ ብቻ ሞላበት።

"እማ? አለሽ? እማ፣ ሞተሻል እኮ!"

"ማን አባቱ ገደለኝ?"

እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ እየተንተባተበች ነገረችኝ። በየጁምዓው ትደውላለች፣ የሚያነሳ የለም፤ እህቴ ኢሞ የላትም፣ ሱፍዋንም እኛው ጋ ነው። አጠገባቸው ካለው ቤት የምትሠራ ቅድስት የምትባል የአጣዬ ልጅ አለች። በእኛ በኩል ተኩስ እንዳለ፣ መንገዱም እንደተዘጋ የነገረቻት እሷ ናት። ቅድስት አጣዬ ስትቃጠል በዐይኗ ያየች ልጅ ናት፤ የዘመድ ስልክ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። በሦስተኛው ጁምዓ መሊካ ወለሉ ላይ ወድቃ ማዳሟ አገኘቻት። ምን ሆነሽ ስትላት "እናቴ ሞተችብኝ" አለቻት።

እኔ እሷን ሳጣ እሷ እኔን ቀብራኝ ኖሯል! ያን ሁሉ ጊዜ የምጠብቅ እኔ፣ የምሰጋ እኔ፣ የሚቃጠል ሆድ ያለኝም እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከወዲያ በኩል እንደ እኔው ስልክ ይዛ የምትጠብቅ ልጅ መኖሯን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

"ሰደቃም ወጥቶልሻል" አለች። "ማዳም በግ አሳርዳ፣ ሩዝ አሠርታ መስጊድ በር ላይ አደለች። ስልኬንም መልሳልኛለች፣ ከዚያ ወዲህ አልቆለፈችብኝም። ለእህቷ የመስጠቱንም ነገር ተወችው። ሐዘንተኛ ከቤቴ አላስወጣም አለች።"

"በቁሜ ሰደቃዬን በላችሁት?"

"ጣፋጭ ነበር እማ።"

ሳቅኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። "አለሁ ስትያት ስልኩን ልትቀማሽ ነው?" አልኳት። ዞር ብላ በሩን አየች። ለአፍታ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ሞቼ ብቆይስ ብዬ አሰብኩ። "ቢሆንም ንገሪያት" አልኩ በመጨረሻ። "በሬሳዬ የተገኘ ስልክ በረካ የለውም።"

"መንገር አያስፈልግም፣ ጩኸቴን ሰምታ መጥታለች።"

እንቅልፍ ያልለቀቃት የእኔ እኩያ ሴት ስልኩን ተቀብላ አተኩራ አየችኝ። "ያ ሐጃ!" አለችና በዐረብኛ ወረደችብኝ። ከወላሂና ከአልሐምዱሊላህ በቀር አንድም ቃል አልገባኝም፤ ግን እየተቆጣችኝ ነው፣ እንባዋም ይወርዳል። ስለ ስልኩ ቂም ይዤባት ነበር። ጩኸታም መሆኗን ሳይ ግን ትንሽ ወደድኳት።

"ምን ትላለች?" አልኩ።

"'ሰው እንዲህ ቤተሰቡን አስጨንቆ ይጠፋል? ኔትወርካችሁን አሠሩ' ትላለች።"

"አሠርተነዋል በያት።"

መሊካ ነገረቻት። ከዚያ ስልኩን ወደ ራሷ አስጠግታ ድምጿን ቀነሰች። "እማ፣ ሌላም ነገር አለ። ለቅሶሽን እንድደርስ ብላ ትኬት ቆርጣልኝ ነበር። ለሚመጣው ሳምንት ነው።"

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። "አሁንስ?" አልኩ እንደምንም።

ዞር ብላ ጠየቀቻት። ማዳሟ እጇን አወናጭፋ አንድ ነገር ተናግራ ከክፍሉ ወጣች።

"ትኬቱ አይመለስም፣ ገንዘቡን አይሰጡንም ትላለች። ስለዚህ ሂጂ አለችኝ።"

ጋሽ ሸሪፍ ሰግደው ወጥተው የመስጊዱ በር ላይ ቆመዋል። "ፈይዛ፣ ልጅቷ አለች?" አሉኝ ከሩቅ። ዐይኔን ከስልኩ ሳልነቅል በራሴ ነቀነቅኩላቸው። "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ወደ ኮረብታው እጃቸውን አነሱ፣ ከዚያ ደግሞ እንዳፈሩ ሁሉ ወደ ቂብላ ዞሩ።

እኔ ወደ ልጄ ተመለስኩ።

"ነይ መሊካዬ" አልኳት። "ነይና ለቅሶዬን ድረሺ። ድንኳኑን እኔው እተክልልሻለሁ።"